የተበላሸ አውቶቡስና ያልነበረ ቅድመ አያት

እዚህ እስራኤል ከአፉላ ቤርሼባ በደኅና መኪና የሚሄድ ሰው ቁርሱን ቤቱ በልቶ ምሳውን እዚያ ይበላል። እኛ ሐሙስ ጠዋት ተነሥተን እሑድ ደረስን። ጎንደር ያላችሁ ዘመዶቼ ይህን ስታነቡ «ምነው፣ በበቅሎ ነው እንዴ የሄዱት?» እንደምትሉ አውቃለሁ። በበቅሎ ብንሄድ ይሻለን ነበር። በቅሎ ሲደክማት ቆማ ሣር ትግጣለች፤ የኔ አውቶቡስ ሲደክመው መንገደኛ ያስገፋል።

ኋላ ስሰድበው ያለ ምክንያት እንዳይመስላችሁ ስለ አውቶቡሱ አስቀድሜ ልናገር። በጉልምስናው ዘመን የከተማ ሰው ሲያመላልስ የኖረ ነው። ጡረታ ሲያወጡት እኔ ገዛሁት። ወንበሮቹን ነቃቅዬ አልጋ፣ የጋዝ ምድጃ፣ የእቃ ማጠቢያና አንዲት ጠባብ ቁምሣጥን አስገባሁበት። እኩዮቼ አፓርታማ ሲገዙ እኔ ጎማ ያለው ቤት ገዛሁ። እናቴ ለጎረቤት «ልጄ ቤት ገዛ» ትላለች፤ የት እንደሆነ ሲጠይቋት ግን ወሬ ትቀይራለች። ትልቁ ዓመሉ ባትሪው ነው። አዲስ ቢገባለትም የሆነ ቦታ እያፈሰሰ ባዶውን ያድራል። ስለዚህ ሁልጊዜ ቁልቁለት ላይ ይቆማል፤ ጠዋት ፍሬን ለቅቄ ሲንደረደር ማርሽ ሳስገባለት ይነሣል። ቤታችን ጊቫት ሃሞሬ በሚባለው ዳገት ላይ ስለሆነ አፉላ እያለን ይህ ነውሩ ብዙ አይታይም ነበር።

የጉዞው ምክንያት ብርቱካን ናት። ብርቱካን ቤርሼባ ውስጥ ነርስ ናት፤ የአውቶቡሱን ፎቶ አይታ ስልክ ያልዘጋችብኝ ብቸኛዋ ሴትም እሷ ናት። ሠላሳ አምስት ዓመት አልፎኛል፤ እንዲህ ያለች ሴት ሁለተኛ እንደማትመጣ ገብቶኛል። አባቷ ግን የወግ ሰው ናቸው። ሽማግሌ ይምጣ አሉ፤ ዓርብ ከቀትር በፊት ብለውም ቀጠሩ።

ዋናው ሽማግሌ አባ ታከለ ናቸው። አፉላ ውስጥ ያለ እሳቸው የተጋባ የኛ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ልጅና ልጅ ሲፈላለጉ ሁለቱን ወገን ሰባት ቤት ድረስ የሚቆጥሩ እሳቸው ናቸው፤ ከሰባት በታች ከተገናኙ ጋብቻ የለም፣ አለቀ። የኔን ከብርቱካን አባት ወገን ጋር በስልክ ቆጥረው ንጹህ ሆኖ አገኙት። የእናቷን ወገን በተመለከተ የሚናገረው የእናቷ ወንድም ስለሆነ እዚያው ስንደርስ ይታያል ተባለ። አጎት እንዳላት እኔም ሰምቻለሁ፤ የት እንደሚኖር አልጠየቅኩም። የወደደ ሰው ስለ አጎት አይጠይቅም።

ሁለተኛው ጋሼ አዛናው ናቸው፤ ዝምተኛ፣ ደግ፣ ሲደነግጡ ግን ያገኙትን የሚናገሩ። ሦስተኛው ሽማግሌ በዋዜማው አውቶቡሱን ሊያዩ መጡ፤ አዩትና ወገባቸው ታመመ።

ሙሽራ ሽማግሌ ይልካል እንጂ ሽማግሌ ጭኖ አይሄድም። ችግሩ አውቶቡሱን ከኔ በቀር የሚነዳው የለም፤ ሽማግሌዎቹ ደግሞ ሰንበት ቢደርስባቸው የሚተኙበት አልጋ ያለው መኪና ወደዋል። አባ ታከለ መላ አበጁ። «አንተ ሾፌር ነህ» አሉኝ። «ሾፌር አይናገርም።» ሌላም ሕግ አወጡ፦ የጋብቻ ጉዳይ መንገድ ላይ አይወራም፤ የት ትሄዳላችሁ ቢሉን አንናገርም።

ሐሙስ

አባ ታከለ ነጭ ጋቢና ከዘራ ይዘው ወጡ። ጋሼ አዛናው አንድ ትልቅ ጠርሙስ ሙሉ ተልባ ይዘው ወጡ፤ ሆዳቸው ስለሚደርቅ ያለ ተልባ ከከተማ አይርቁም። ቁልቁለቱን ተንደርድረን ስንነሣ አባ ታከለ ባረኩ፤ አውቶቡሱ በጭስ መለሰላቸው።

እስከ ሐዴራ አካባቢ ደኅና ሄድን። ጋሼ አዛናው ምድጃው ላይ ሻይ ለማፍላት ተነሥተው በየጥምዝምዙ እየተቀመጡ፣ «ቤት ሲሄድ እንዲህ ነው» ይላሉ። ከዚያ የሙቀቱ መርፌ ወጣ፣ ወጣና ከፍታው ላይ ተጣበቀ። ከፊት እንፋሎት ተነሣ። ዳር ይዤ ስከፍተው ራዲያተሩ ከታች ያንጠባጥባል። ያለንን የመጠጥ ውኃ ሁሉ አፈሰስንበት፤ ሁሉን መሬት ላይ መለሰው። ስልኬን አውጥቼ ጎታች መኪና ልጠራ ስል ጋሼ አዛናው ጠርሙሳቸውን ይዘው መጡ። ሳልከለክላቸው ተልባውን ገለበጡት።

ሳይንሱን አልጠየቅኩም። ማንጠባጠቡ ግን ቀነሰ፤ ትንሽ ቆይቶ ቆመ። በቅርብ ካለ ነዳጅ ማደያ ውኃ ለምነን ሞላንና ሄድን። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሞተሩ በጋለ ቁጥር አውቶቡሱ የበዓል ማጀት ይሸት ጀመር። ጋሼ አዛናው ሆዴስ እንዴት ይሁን ሲሉ አባ ታከለ አውቶቡሱ ይበልጥ ቸግሮት ነበር አሏቸው።

በዝግታ ስለነዳሁ መሸብን፤ አንድ ማደያ ጓሮ አደርን። ሽማግሌዎቹ አልጋው ላይ፣ እኔ ወለሉ ላይ። አባ ታከለ ከአልጋው ላይ ሆነው ድሮ ከሱዳን ጉዞ በፊት በረት ጥግ ስላደሩበት ሌሊት አወሩልን፤ ያ ይሻል ነበር፣ ላሞቹ ያሞቃሉ አሉ። ደክሞኝ ያላሰብኩት አንድ ነገር ነበር፤ ማደያው ሜዳ ነው።

ዓርብ

ጠዋት ቁልፉን ባዞር ጠቅ የሚል ድምፅ እንኳ የለም። ቡና ሊጠጡ የቆሙ ወታደሮች ነበሩና ለመንኳቸው። አባ ታከለ ከደረጃው ላይ ቆመው ሲያይዋቸው ከመሐላቸው አንዱ የኛው ልጅ ሆኖ ተገኘ። የማን ልጅ ነህ አሉት። ሳይጨርስ እሳቸው ጨረሱለት፤ ሦስተኛው አያት ላይ ከጋሼ አዛናው ጋር ተገናኘ። እንደዚያ ልጅ የተገረመ ሰው አላየሁም፤ ከጓደኞቹ ሁሉ አብልጦ ገፋ። የአባ ታከለ ጥበብ ይህ ነው። ሰው ዘመድ እንደሆነ ሲነገረው ጉልበት ይጨምራል።

ቂርያት ጋት መገንጠያው ላይ ስንደርስ የፍሪሲዮኑ ፔዳል ወለሉ ላይ ተኝቶ ቀረ። በእግሬ ጫፍ ባነሣው ተመልሶ ይተኛል። እንደምንም በያዘው ማርሽ እየጎተትኩ ወደ ኢንዱስትሪ ቀጠናው አስገባሁት፤ አንድ የጋራዦች መንገድ ላይ ሲደርስ ሞተሩ ጠፋ። ሰዓቱ ቀትርን አልፏል። ቀጠሯችን ያን ጊዜ አልፎን ሄዷል። ለብርቱካን አውቶቡሱ መንገድ ላይ ተበላሽቷል ብዬ ጻፍኩላት። መልሷ አጭር ነው፦ አባቷ እስከ እሑድ ቀትር ይጠብቃሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሽማግሌ በር አይከፈትለትም። ይህን አንብቤ ሳልጨርስ ስልኬ ጠፋ፤ ባትሪ መያዝ ያልቻለ አውቶቡስ ስልክ አይሞላም።

ዓርብ ከሰዓት የዚያ መንገድ ጋራዦች ሁሉ ተዘግተዋል። አንዱ በር ላይ ብቻ አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ኪፓ የምትባለዋን ትንሽ ቆብ የደፋ ሰው ቁልፍ ሲቆልፍ አገኘነው። የኛው ሰው ነው። ስሙ አስረስ ነው። አውቶቡሱን አየ፣ ፔዳሉን በእጁ ተጫነ፣ ራሱን ነቀነቀ። መለዋወጫው ከእሑድ በፊት አይገኝም አለ። ወደ ፀሐይዋ ቀና ብሎ አየ፤ ሰንበት ሊገባ ነው።

ያን ጊዜ አባ ታከለ ከዘራቸውን ተክለው ጠየቁት።

«የማን ልጅ ነህ የኔ ልጅ?»

«የወርቁ ነኝ። ወርቁ መኮንን።»

«የመኮንን አባትስ?»

እሱን እንደማያውቅ ነገራቸው። ከወገራ አዲስ አበባ ወርደው አባትና እናቱ እዚያው ሞቱ፤ እሱን ልጅ ሆኖ ታላቅ እህቱ እጁን ይዛ በፈረንጅ በዘጠና አንዱ አውሮፕላን አመጣችው። ከመኮንን በላይ የነገረው ሰው የለም።

አባ ታከለ የሚያስታውሱ ይመስሉ ነበር። «መኮንን ሺፈራው» አሉ ቀስ ብለው። «ሺፈራው ገላው። እንዴት አላውቀውም? የዚህ የሾፌራችን አያት አባት ቢረሳው ገላው ነው። ሺፈራውና ቢረሳው ወንድማማች ናቸው።»

ገላው እውነተኛ ነው፤ የአያቴ አያት። ቢረሳውም እውነተኛ ነው። ሺፈራው የሚባል ወንድም እንደነበረው ግን በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ጋሼ አዛናውን ባያቸው መሬት መሬት ያያሉ። አስረስ ቁልፉን እንደያዘ ቆሞ አየኝ፤ አንገቴን አቅፎ ሳመኝና ስንት ዓመት ሙሉ አፉላና ቂርያት ጋት ሆነን ሳንተዋወቅ መኖራችን ገረመው። ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ ያን ጎተራ የሚያህል አውቶቡስ ከኔ ጋር ገፍቶ ግቢው ውስጥ አስገባው። ገፊው እሱ ነበር፤ እኔ መሪውን ይዤ ነው።

በመኪናው ወደ ቤቱ ሲወስደን ወዴት ስንሄድ እንደተበላሸብን ጠየቀ። ጋሼ አዛናው ደንግጠው «ለቅሶ» አሉ። አስረስ እግዜር ያጥናችሁ አለን፤ አሜን አልን።

ቂርያት ጋትን ለማታውቋት፣ አፉላን አስቡ። ያው አራት ፎቅ፣ ያው የታጠበ ልብስ የተሰጣበት በረንዳ፣ ያው ደረጃው ሥር የታሰረ ብስክሌት። አንድ ሰው አንድ ጊዜ ሥሎ አገሩን ሁሉ የሠራበት ይመስለኛል። ልዩነቱ ከአስረስ በረንዳ ማዶ የሚታዩት የአዲሱ ሰፈር የካርሜ ጋት ክሬኖች ናቸው፤ እዚያ አዲስ ሕንፃ እንደ እንጉዳይ ይበቅላል። የአስረስ ሚስት ዘውዴ ትባላለች፤ ያልታሰቡ ሦስት እንግዶች ሰንበት ሊገባ ሲል በር ላይ ቆመው ስታይ ፊቷ አልተለወጠም። ለቅሶ እንደምንሄድ ስትሰማ ደግሞ ሻማ ሳታበራ በፊት ባቄላና ስንዴ ዘፈዘፈች። ሰንበት ሲወጣ ቀቅዬ ለለቀስተኛው ንፍሮ አስይዛችኋለሁ አለች። ሙሽራ ልትጠይቁ ስትሄዱ ሰው ንፍሮ ሲዘፈዝፍላችሁ ማየት ምን ስሜት እንዳለው ያልደረሰበት አያውቀውም።

ማዕዱ ሞቅ ያለ ነበር። ወጡ ሰንበት ሳይገባ በተሰካው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ላይ ተቀምጦ ይንተከተካል፤ ዘውዴ ደጋግማ ታወጣልናለች። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጃቸው ኖአ ከአባ ታከለ ጎን ተቀምጣ በላች። አስረስ ዘመድ በማግኘቱ ልቡ ሞልቶ የቤቱን ጉዳይ ሁሉ ይነግረን ጀመር።

ከሰሜን የሚመጡ ሽማግሌዎች ነበሩ አለ፤ ቤርሼባ ያለችውን የእህቱን ልጅ ሊጠይቁ ለዛሬ ቀጠሮ ይዘው ቀሩ። ቤተሰቡ ሁሉ ለብሶ ሲጠብቅ ዋለ፤ እሱም ደረሱ እስኪሉት ጋራዡ ውስጥ ሲጠብቅ ዋለ። እህቱ ደውላ አልቅሳለች። አባ ታከለን አያቸው። «ቀጠሮ ሰጥቶ ቤት ሙሉ ሰው የሚያስቀር ሽማግሌ ምን ይባላል፣ አባ?»

አባ ታከለ የጎረሱትን አላምጠው ዋጡ። «ሰው አይባልም» አሉ።

አስረስ ግድግዳው ላይ ያለ ፎቶ አሳየን። ወታደር ልብስ ለብሳ፣ ጠመንጃ አንግታ፣ ጥርሷን የምታሳይ ልጅ። ብርቱካኔ ናት። አባ ታከለ በፈጠሩት ሺፈራው ምክንያት እኔና ብርቱካን የአንድ ሰው ዘር ሆነናል፤ ጋብቻችን በሽማግሌዬ አፍ፣ በአጎቷ በር ላይ ፈርሷል።

ቅዳሜ

ወደ ጸሎት ቤት ስንሄድ አስረስ ቀድሞን ነበርና ለአባ ታከለ ነገርኳቸው። ልጅቷ እሷው ናት አልኳቸው። እንደገባቸው ነገሩኝ፤ ሌሊቱን አልተኙም። ከዚያ እንደ ትልቅ ዳኛ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው መፍትሔ ይደረድሩ ጀመር። ሺፈራው ገላውን የተጠጋ ማደጎ ነው ብንልስ? ወይስ ገላው የሚባል ሌላ ሰው አለ ብንል? ጋሼ አዛናው ሳያስቡት ሺፈራው ሳይወልድ ይሙት አሉ፤ እንዲያ ከሆነ አስረስን ማን ወለደው ተብለው ዝም አሉ።

እውነቱን እንንገረው አልኳቸው። ያን ጊዜ ቆሙ።

«አፉላ ውስጥ በኔ አፍ የተጋባው ስንት ነው?» አሉኝ። «ታከለ በር ላይ ቆሞ ሰው ፈጠረ ከተባለ፣ እነዚያ ሁሉ ዛሬ ማታ እንዴት ብለው አብረው ይተኛሉ?»

ተናድጄባቸዋለሁ፤ ግን ደግሞ ሽማግሌ ያለ ቃሉ ምን አለው? ጸሎት ቤት ውስጥ መጽሐፉን ገልብጠው ይዘው እንደነበር ጋሼ አዛናው ናቸው ያዩት።

ቤት ስንመለስ የባሰው ጠበቀን። ኖአ ትምህርት ቤት የቤተሰቧን ሥር እንድታጠና ታዛለች፤ በዚያ ዕድሜ ያለ የዚህ አገር ተማሪ ሁሉ የሚሠራው ሥራ ነው። የክፍል ጓደኞቿ ከሞሮኮና ከሩሲያ የመጡ አያቶቻቸውን ዛፍ ሥለው ጨርሰዋል፤ የሷ ዛፍ መኮንን ላይ ቆሞ ቀርቷል። አሁን ቅርንጫፍ አገኘች፤ ከገላው በላይ ያሉትን የኔን አያቶችም አባ ታከለ ጨመሩላት። በሰንበት ስለማይጻፍ እንዳትረሳቸው ስሞቹን በዜማ ትላቸው ጀመር። አስረስ፣ ወርቁ፣ መኮንን፣ ሺፈራው፣ ገላው፣ ጓንጉል፣ ተድላ። ደረጃ ስትወጣ ትዘፍናለች፤ ሳህን ስታነሣ ትዘፍናለች። ሰባተኛው ላይ ስትደርስ ተመልሳ ከአስረስ ትጀምራለች። ከጓደኞቿ ጋር ግቢ ወርዳም ስትል በመስኮት ይሰማናል።

ምሳ ላይ ሺፈራው ምን ይሠራ ነበር ስትል አባ ታከለን ጠየቀቻቸው። እኔ አፌን ልከፍት ነበር፤ ሾፌር አይናገርም። አባ ታከለ ላባቸውን ጠረጉ፤ ቀጥቃጭ ነበር አሏት፤ ማረሻ ይሠራ ነበር፣ ዓይኑን ጨፍኖ ብረቱ ሲግል በድምፁ ያውቅ ነበር። ለምን እንዲህ እንዳጌጡት እንጃ። ኖአ ወደ አባቷ ዞረች። አስረስ ጥቁር ዘይት የማይለቃቸውን ጣቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ሲያያቸው ቆየ። እኔም አየኋቸው፤ ከዚያ በኋላ የበላሁት አልጣመኝም።

ከሰዓት ሰፈሩን እንዲያሳየን ወጣን። አስረስ የሚሠራበትን ፋብሪካ ትቶ እንዴት ጋራዥ እንደከፈተ አወራልን፤ ያገኘውን ጎረቤት ሁሉ እያስቆመ «ዘመዶቼ ናቸው፣ ከአፉላ» ይላል። ጎረቤቱ ሁሉ እጃችንን ይጨብጣል። አንድ አዛውንት ጎረቤት አባ ታከለን ስለ ራሳቸው ወገን ሊጠይቁ ቢጀምሩ አባ ታከለ ራሳቸውን አሟቸው።

ኮከብ ሲወጣ አስረስ ሰንበትን በወይንና በሻማ ሸኘ። ዘውዴ ንፍሮዋን ጣደች። ኖአ ዛፍ የተሣለበትን ትልቅ ወረቀት አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። እስክሪብቶ ከፈተች። መኮንን ከሚለው በላይ ባለው ቅርንጫፍ ላይ እጇን ስታሳርፍ አባ ታከለ ክንዷን ያዟት።

«ቆይ ልጄ። ሺፈራውን አትጻፊው።»

«ላማ፣ ሳባ?» አለች። ለምን፣ አያቴ፣ ማለቷ ነው።

«ሺፈራው የሚባል ሰው የለም። ዓርብ ዕለት በር ላይ የወለድኩት እኔ ነኝ።»

አባ ታከለ አንዴ ከጀመሩ አልቆሙም። አስረስ በሩን ሊዘጋ ሲል ሁለት ሽማግሌ ሜዳ ላይ ሊቀሩ እንደሆነ፣ ዘመድ ከሆነ አይተወንም ብለው እንዳሰቡ፣ ማረሻውም የግለቱ ድምፅም የሳቸው እንደሆነ ተናገሩ። ከዚያ ከዘራቸውን ወደኔ ቀሰሩ። ይህ ሾፌር አይደለም አሉ፤ የእህትህን ልጅ የሚፈልገው እሱ ነው፤ ሰው የማይባሉት ሽማግሌዎችም እኛ ነን።

መጀመሪያ የተናገረችው ዘውዴ ናት። «ታዲያ ንፍሮው የማን ነው?» አለችና ሳቋ አምልጧት ወደ ማጀት ገባች። ጋሼ አዛናው ይቅርታ ለመጠየቅ ተከተሏት።

አስረስ አልሳቀም።

«አባ» አለ፣ «ዘመድ ባልሆንስ? ሰንበት ሲገባ እናንተን መንገድ ላይ ትቼ የምሄድ ሰው መሰልኩዎት?»

እኔ ያን ያህል አፍሬ አላውቅም፤ ውሸቱ የኔ ባይሆንም የሰው ማዕድ በሺፈራው ስም የበላሁ እኔ ነኝ። አስረስ በረንዳ ወጣ። ተከትዬው ወጥቼ አጠገቡ ቆምኩ፤ ክሬኖቹን ሲያይ ቆየና ቀኑን ሙሉ ያንን ሰው ሲያስበው እንደዋለ ነገረኝ። ብረት የምወደው ከሱ ወርሼ ነው ብዬ ነበር አለኝ።

ተመልሰን ስንገባ አባ ታከለ የዘውዴን ስልክ ይዘው ይደውላሉ። ከወገራ የመጣ የሚያውቁትን ሰው ሁሉ ይጠራሉ፤ አንዱ ወደ ሌላው ይመራቸዋል። በመጨረሻ ራምላ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ተገኙ፤ ወርቁን ልጅ ሆኖ ያውቁታል፣ መኮንንንም ያውቁታል። አባ ታከለ ሊያወሩ ሲጀምሩ ኖአ እጇን ዘረጋች። ስልኩን ሰጧት። ራሷ ጠየቀች፣ ራሷ ሰማች። የመኮንን አባት አበራ ይባላል። ሸማኔ ነበር። ቁጡ፣ ተሳዳቢ፣ ጎረቤት የሚሸሸው ሸማኔ። ከአበራ በላይ አሮጊቷም አያውቁም።

ኖአ አበራ ብላ ጻፈች። ከበላዩ ያሉት ቅርንጫፎች ባዶ ቀሩ። የአባ ታከለ ከንፈር ሊንቀሳቀስ ሲል ቀና ብላ አየቻቸው፤ መልሰው ገጠሙት።

አስረስ ወረቀቱን ከላይ ቆሞ አየና፣ «ተሳዳቢ» አለ። «እሱስ እውነት ይመስላል።»

እሑድ

ዘውዴ ከማለዳ ጀምሮ አብልታን ወጣን። አስረስ የፍሪሲዮኑን ዕቃ ከአንድ ጓደኛው ጋራዥ አገኘ፤ አውቶቡሱ ሥር ገብቶ ሲሠራ እኔ መብራት ያዝኩለት። ብዙ አልተናገረም። ራዲያተሩን ሲከፍት ግን በጣቱ የሆነ የሚዝለገለግ ነገር ይዞ ወጣና ምንድን ነው አለ። ተልባ ነው አልኩት። ከአውቶቡሱ ሥር ለረጅም ጊዜ ድምፅ አልሰማሁም።

ጎረቤቱ ባለ ጋራዥ እነማን ናቸው ብሎ ሲጠይቀው «እንግዶች ናቸው» አለው። ዘመዶቼ አላለም። ትክክል ነው፤ ግን ቀፈፈኝ። ከዚያ ደግሞ እጅጌውን ሰብስቦ ከግቢው እስከ ቁልቁለቱ ገፋን። ማርሽ ሲገባለት ተነሣ። የንፍሮውን ድስት ዘውዴ በፎጣ ጠቅልላ ጋራዡ ድረስ አምጥታ አልጋው ላይ አስቀመጠችልን፤ ተቀቅሏልና አይጣልም አለች። አስረስ በመኪናው ከኋላ ከኋላችን መጣ። እርዳታ ይሁን ጥበቃ አልገባኝም።

ቤርሼባ የደረስነው ቀትር ሊሆን ሲል ነው። ከበሩ ፊት ስቆም ከድንጋጤ የተነሣ ሞተሩን አጠፋሁት፤ መንገዱ እንደ ጠረጴዛ የተዘረጋ ሜዳ ነው። ሽማግሌዎቹ ወርደው ከአስረስ ጋር ገቡ፤ እኔ ሾፌር ነኝና መሪው ላይ ቀረሁ። ቤቱ ምድር ላይ ነው፣ መስኮቱም ተከፍቷል፤ ሁሉን ሰማሁ። ሽማግሌዎቹ በወጉ ቆመው ለመኑ። የብርቱካን አባት መልስ ሳይሰጡ ቆጠራውን ጠየቁ።

«በእርስዎ በኩል ሰባት ቆጥሬ ንጹህ ነው» አሉ አባ ታከለ። «በእናትየዋ በኩል እስከ አበራ አውቃለሁ፤ እስከዚያ አይነካኩም። ከአበራ በላይ አላውቅም።»

ጋሼ አዛናው ኋላ እንደነገሩኝ፣ አላውቅም የሚለው ቃል ከአባ ታከለ አፍ ሲወጣ ሰምተው አያውቁም። የብርቱካን አባት የእናትየዋ ወገን ምን ይላል ብለው ወደ አስረስ ዞሩ። መሪውን ጨብጬ ጠበቅኩ።

«እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው» አለ። «እኒህ ሽማግሌ ዛሬ አልዋሹም።»

የብርቱካን አባት ለምን እንዲህ እንዳለ አልገባቸውም። ሆኖም የሚስታቸው ወንድም ካመነ ይበቃል ብለው «ተቀመጡ» አሉ፤ ያ ቃል እሺታ ነው። ከውስጥ እልልታ ተሰማ። ብርቱካን ወጥታ ወደ አውቶቡሱ መጣች፣ በመስኮቱ አይታኝ አፍንጫዋን ያዘች። ምን ይሸታል አለች። የጋሼ አዛናው ሆድ ነው አልኳት።

ሲመሻሽ ልንሄድ ስንል ቁልፉን አዞርኩ። ጠቅም አላለም። ወርጄ ወደ አስረስ ሄድኩ። መኪናው አፍንጫ ላይ ተቀምጦ የዘውዴን ድስት ጭኑ ላይ አድርጎ ንፍሮውን እየዘገነ ይበላል።

«እስከ ዛሬ ጠዋት እንግዶች ነበራችሁ፤ እኔ እገፋ ነበር» አለኝ። «አሁን ዘመድ ሆናችኋል። ራሳችሁ ግፉ።»

ብርቱካን መሪውን ያዘች። እኔ ከኋላ ሄጄ ጎንበስ አልኩ፤ ጋሼ አዛናው ከግራዬ ቆሙ። አባ ታከለ ጋቢያቸውን አጣጥፈው ለብርቱካን አባት አስያዙና ከቀኜ መጥተው ትከሻቸውን ሰጡ።